አርቪድና የመዳብ ቧንቧዎቹ

አርቪድ ሉንድግሬን አርባ አንድ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሐይቁ በረዶ እስከ ሚያዝያ በማይቀልጥባት በዱሉት ከተማ ለሁለት ሆስፒታል፣ ለአንድ ፍርድ ቤትና ቁጥሩን እሱም ለማያውቀው መኖሪያ ቤት ውሃ ያስገባው እሱ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል። የግራ አውራ ጣቱን አንድ ጊዜ መዶሻ አግኝቶት እንደ ማንኪያ ጠፍጥፎታል። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፤ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሰው ኑሮ አንድ ቃል አይወጣውም። ስለ ቧንቧ ከጀመረ ግን የሚደክመው ሰሚው ነው።

ሚስቱ ማርዴል ትባላለች። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት በቀን ለአራት መቶ ልጅ ምሳ ስትሠራ የኖረች፣ ቁመቷ ከባሏ ብብት የማያልፍ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ሰው የምታዝዝ ሴት ናት። አርቪድ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ደጃፋቸውን የዘጋውን በረዶ አብረው ሲዝቁ አረፈዱና ማርዴል አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«እኔ ከእንግዲህ በረዶ አልዝቅም» አለችው። «ወደ ሙቀት አገር እንሂድ። ካልፈለግክ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

በዚያው ጸደይ አንድ ያገለገለ ቤት መኪና ገዙ። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው፣ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም በውስጡ ያለ፣ ከውጭ ሲያዩት አውቶቡስ የሚመስል ነው። ማርዴል መጋረጃ ልትለካ ገባች። አርቪድ ደግሞ ተንበረከከና የእቃ ማጠቢያውን ሥር ከፈተ።

«ማርዴል፣ ነይ እስቲ ይሄን እዪልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ይሄ ቧንቧ ነው? ይሄ እኮ ለበሽተኛ ግሉኮስ የሚሰጥበት ነው።»

እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ጣት የምታህል ግራጫ ፕላስቲክ ናት። «ውሃ ያመጣል?» አለችው።

«ያመጣል።»

«እንግዲያው ተወው።»

አልተወውም። በጋውን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ሲመትርና ሲበይድ ከረመ። ፕላስቲኩን ሙልጭ አድርጎ አወጣና ከፓምፑ እስከ መታጠቢያው በመዳብ ዘረጋው፤ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእሳት በየደ። የድሮው ፍርድ ቤት ሲፈርስ ለማስታወሻ ያስቀራቸውን የነሐስ ቧንቧ ራሶች ገጠመ። በመጨረሻም ያቺን ቀላል የፕላስቲክ መጸዳጃ ነቅሎ ጣለና በምትኩ እውነተኛ የሸክላ መቀመጫ፣ ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ ልክ እቤት እንዳለው አድርጎ ተከለ። ሲጨርስ ማርዴልን ጠርቶ ውሃውን ለቀቀላት። ፈሰሰ፤ አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። «ይሄ ሃምሳ ዓመት ይቆያል» አላት።

«እኔ መጋረጃ ብቻ ነበር የጠየቅኩህ» አለችው።

እስከዚህ ያለው ማርዴል የነገረችኝ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ሮይ እባላለሁ፤ በአይዳሆ ፖስታ አድላለሁ ስል የውሻ ንክሻ ያልቀረኝ ሰው ነኝ። ብርዱ ሲገባ አሪዞና ወርጄ በረሃው ውስጥ መኪናዬን ማቆም ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰፈራችን ደረቅ ወንዝ ይባላል፤ ወደ ሰባ ቤት መኪና ይሆናል። መስመር የተዘረጋ ውሃ የለም፣ መብራት የለም። ሁሉም ውሃውን በራሱ ታንከር ይዞ ይመጣል፤ የተጠቀመበትም ቆሻሻ በሌላ ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና ሲሞላ መድፊያው ድረስ ሄዶ ይደፋዋል። መድፊያው ስድስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከመኪና ብዛት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ አውጥቷል። በዝግታ ቢነዱበት ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ በፍጥነት ቢነዱበት ጥርስ ያስተፋል።

በኅዳር አጋማሽ ከወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ያ ረጅም ቤት መኪና ከሆዱ ውሃ እያንጠባጠበ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመ። ግዙፉ ሰውዬ ወርዶ ሥሩን አጎንብሶ አየና ወደኔ ዞረ።

«መንገዳችሁ የተረገመ ነው» አለኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ልቡ ግን አልተቀበለውም። መዳብ በሕንፃ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የሚቆየው ሕንፃ ስለማይሄድ ነው። ቤት መኪና ይሄዳል፣ ይንገጫገጫል፣ ይጣመማል። ፕላስቲኩ አብሮ ይጣመማል፤ የተበየደ መዳብ ግን ግትር ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። አርቪድ ይህን አያጣውም። ቢሆንም ጥፋቱን ለመንገዱ ሰጥቶ የብየዳውን እሳት አወጣ።

ቬርና ክሩትዝን ያወቃት በዚያው ከሰዓት ነው። ቬርና ከኔብራስካ የመጣች፣ ስልሳ ስምንት ዓመቷን የያዘች፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ ሁልጊዜ አሁን ከመስታወት ፊት የተነሳች የሚመስል ሴት ናት። በሰፈሩ የማን ፓምፕ እንደሚያንኮራፋ፣ የማን ታንከር እንደሚያፈስ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሲበላሽ የምትጠግነውም እሷ ናት፤ ክፍያዋ የፖም ኬክ ነው። ልማዷ ነውና አዲስ ሰው መጣ ሲባል አንድ ጆግ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ ልትቀበል ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በሩ ክፍት ነው። አርቪድ ግማሽ ገላው ቁም ሣጥን ውስጥ ተወትፎ ይበይዳል። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደግሞ ጭስ ይወጣል፤ የመኪናው ግድግዳ ሽፋን እሳቱ ነክቶት መጤስ ጀምሯል።

ቬርና አልጮኸችም። ገባችና ጆጉን ሙሉ በትከሻው ላይ አሳልፋ ደፋችው። ጢሱ ጠፋ። አርቪድ ቅንድቡ ግማሹ ተለብልቦ፣ የሎሚ ቁራጭ ጆሮው ላይ ተለጥፎ ወጣ።

«ሻይ ነው» አለችው። «ስኳር አለበት። ሳይደርቅ ካላጠብከው ጉንዳን ይወርስሃል።»

«በምን ውሃ?» አለች ማርዴል ከአልጋው ላይ ተቀምጣ።

ቬርና ጎንበስ ብላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አየች፤ ቀና አለች፤ ደግማ አየች። «መዳብ ነው?»

«መዳብ ነው» አለ አርቪድ ደረቱን ነፍቶ።

«ቤት መኪና ውስጥ?»

«ሆስፒታል ውስጥ የሆነው እዚህ ምን ይሆናል? ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው አንቺ?»

«ፀጉር ሠሪ ነበርኩ።»

አርቪድ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ። «ማርዴል ሰማሽ? ፀጉር ሠሪ ስለ ቧንቧ ልታስተምረኝ ነው።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ከሲፎን ውስጥ የሰው ፀጉር ስጎትት ኖሬያለሁ» አለች ቬርና ባዶ ጆጓን እያነሳች። «አንተ የገጠምከውን ነው ሌላው ሰው ሲጎትት የሚኖረው።» ይህን ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ዕቁብ ዙሩን የጠበቀ ነበር። የሸክላው መጸዳጃ አንድ ጊዜ በተለቀቀ ቁጥር ስድስት ሊትር ውሃ ይውጣል። ስለዚህ የኛ ቆሻሻ ታንከር ለሁለት ሳምንት ሲበቃ የነሱ በሦስት ቀን ይሞላል። ሲሞላ አሥር ሜትር ቤታቸውን አስነስተው በዚያ መንገድ መድፊያው ድረስ ይሄዳሉ። ሲሄዱ መንገዱ አንድ መገጣጠሚያ ይሰነጥቃል። ሲመለሱ አርቪድ ይበይዳል። በይዶ ሳያበቃ ታንከሩ ይሞላል። እኛም ከወንበራችን ላይ ሆነን መልመድ ጀመርን። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ሲባል «አርቪድ ነው» እንባባል ነበር።

መኪናው ሲንገጫገጭ የመጸዳጃው ውሃ እየዘለለ ስለሚወጣ ማርዴል ክዳኑን በባሏ ቀበቶ አስራ ትሄዳለች። በዚህ ምክንያት አርቪድ መድፊያው ደርሶ ሲወርድ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ማርዴል መላ አበጀች። ጠዋት ጠዋት «ትንሽ ልንሸራሸር» ትልና ፎጣዋን ከሹራቧ ሥር ደብቃ ቬርና ቤት ትገባለች፤ ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ትመለሳለች። አርቪድ ለአንድ ሳምንት አላስተዋለም። በስምንተኛው ቀን አስተዋለ።

«ፀጉርሽ ሎሚ ሎሚ ይላል።»

«ነፋሱ ይሆናል።»

«እዚህ አገር የሎሚ ዛፍ የለም።»

«ከሩቅ የሚመጣ ነፋስ ነው» አለችው፤ ድንቹንም መላጧን ቀጠለች።

በማግሥቱ የማርዴል ነጠላ ጫማ ከቬርና በር ላይ ተቀምጦ አየውና ወደኔ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። 

«ሮይ» አለኝ፤ «ሚስቴ ሌላ ሰው ቤት ትታጠባለች።»

ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን የእውነት ነበር። «መቼም ንጹሕ ሆና ነው የምትመለሰው» አልኩት።

«አርባ አንድ ዓመት» አለ። «አርባ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ ውሃ አስገብቼ።»

ያን ቀን ማርዴልን አልተቆጣም፤ አንድ ቃልም አልተናገራት። ይልቅ ውሃ የሚፈጀውን መጸዳጃ ሊቀጣው ቆረጠ። ሁለት ሸክላ ጡብ ፈልጎ ማጠራቀሚያው ውስጥ አስቀመጠ፤ ጡቦቹ ቦታ ስለሚይዙ የሚለቀቀው ውሃ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ያም አልበቃውም፤ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ዝቅ አደረገና ወደ ሊትር ተኩል አወረደው። «ከእንግዲህ መንገድ የምንወጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ። እውነትም ሳምንት አለፈ፤ አልተንቀሳቀሱም። አሥር ቀን አለፈ። የቆሻሻው ታንከር ጠቋሚ መብራት ሙሉ ነው ሲል አርቪድ «ይዋሻል» አለ። እንዲህ ሲል ጥፋት የለበትም፤ የቤት መኪና ጠቋሚ የማይዋሽበት ሰው አላውቅም። በአሥራ አራተኛው ቀን ግን ማርዴል «የዋሸው መብራቱ ይሁን አንተ፣ ሄደን እንየው» አለችው።

እሑድ ረፋድ ነበር። መድፊያው ላይ አሥራ ሁለት መኪና ተሰልፏል፤ እኔ ከአርቪድ ኋላ ነኝ፣ ቬርና ከኔ ኋላ ናት። አርቪድ ተራው ደርሶ ወረደ፤ ወፍራሙን ቱቦ ገጠመ፤ የማፍሰሻውን እጀታ ሳበ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አለ ዞሮ። «ብዬ ነበር፤ መብራቱ ይዋሻል።»

ከሰልፉ አንድ ሰው «ሁለት ሳምንት ሙሉ የት ሄዳችሁ ነበር የምትቀመጡት?» አለው።

ሰው ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ጀመረ። ተጣጣፊ ወንበር ያወጡም ነበሩ። አርቪድ እጀታውን ገፋ፣ ሳበ፤ ታንከሩን በቡጢ መታው። ሲመታው የሰጠው ድምፅ የባዶ ዕቃ ድምፅ አልነበረም። ያን ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ሊቅ ነውና የሆነውን ከኛ ሁሉ ቀድሞ ተረዳው፦ ውሃ ነፍጎታል፤ ውሃ የሌለው ነገር አይፈስም። ሆስፒታል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ያደረገውን ሠራተኛ በዚያው ቀን ያባርረው ነበር።

ቬርና እጇን ከኋላዋ አጣምራ መጣች። አላሾፈችም፤ እኔ ብሆን አሾፍ ነበር።

«ስንት ሊትር ነበር የምትለቅበት?» አለችው።

«አንድ ተኩል» አለ መሬት መሬት እያየ።

«እህ።»

ማርዴል ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ታያለች። አርቪድ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

«ምን ላድርግ?» አላት።

ማርዴል ኋላ ስትነግረኝ፣ በአርባ አራት ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከአፉ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«በረዶ» አለች ቬርና። ወደ ሰልፉ ዞረችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «ሰዎች፣ ያላችሁን በረዶ ሁሉ አምጡ።»

ዘዴውን ከፊሉ ሰው ያውቀዋል። በረዶና ውሃ በመጸዳጃው በኩል ታንከሩ ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ መኪናው በመጥፎ መንገድ ላይ ይነዳል፤ በረዶው እየተንገጫገጨ የደረቀውን ይፍቃል፣ ውሃውም ያሟሟዋል። ይሠራል የሚሉ አሉ፣ ተረት ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ሰልፉ ከመጨቃጨቅ መርዳት መረጠ፤ እሱ ካልተንቀሳቀሰ ማንም አይንቀሳቀስማ። የበረዶ ሳጥን ተከፈተ። ቢራ ያቀዘቀዘበትን ያመጣ አለ፣ ዓሣ ያስቀመጠበትን ያመጣ አለ። ለታመመ ጉልበቷ የያዘችውን የበረዶ ከረጢት የሰጠች አሮጊትም ነበረች። እጅ ለእጅ ተቀባብለን አስገባነው። ወደ አርባ ኪሎ ይሆን ነበር። አርቪድ ጡቦቹን በገዛ እጁ አወጣ፤ ይህን ሲያደርግ ማንም እንዳያየው ጀርባውን ሰጠን።

ቬርና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማርዴል የክዳኑን ቀበቶ አስራ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ቬርና «ውሃ እየተጨመረ መሄድ አለበት» ስላለች ፓምፑ እንደበራ፣ መጸዳጃውም ቀስ እያለ እንደፈሰሰ ነው። እኔ ለምን እንደገባሁ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት እሑድ ስለነበረ ይሆናል።

«በስንት ልንዳ?» አለ አርቪድ።

«ጥርስህ እስኪንቀጫቀጭ።»

ነዳው። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የሚሰማው ከሥራችን የበረዶው መንኳኳት ብቻ ነበር፤ ጠጠር የተጫነበት ባቡር ላይ የተቀመጥን ያህል ነው። በሁለተኛው ላይ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ጧ የሚል ነገር ሰማሁ።

«የሲንኩ ጎሚቶ ነው» አለ አርቪድ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ጎሚቶ ማለቱ ቧንቧው ክርን ሠርቶ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ ነው።

ውሃ በቁም ሣጥኑ በር ሥር መውጣት ጀመረ። ጧ።

«የመታጠቢያው።» ጧ። «ይሄ የሙቅ ውሃው ነው።» ድምፁ የሟች ስም የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር። ከግድግዳው የወጣ ቀጭን ውሃ ልክ ሸሚዜን ለይቶ መታኝ።

«ላቁም?» አለ።

«እንዳታቆም» አለች ቬርና። «ከቆምክ በረዶው ይቀልጣል።»

«ሮይ፣ ፓምፑን አጥፋው» አለች ማርዴል። እሷ ከተቀመጠችበት ብትነሳ ክዳኑ እንደሚነሳ እናውቃለን።

«የቱ ነው?»

«በሩ ጋ ያለው ነጩ።»

በሩ ጋ አምስት ነጭ መቀያየሪያ አለ። አንዱን ተጫንኩ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ተነሳና እስከዚያ በአንድ ቦታ ይፈስ የነበረውን ውሃ ለሁላችንም እኩል አከፋፈለን። ሌላውን ስጫን መብራት በራ። በሦስተኛው ፓምፑ ጠፋ፤ በዚያን ጊዜ ግን የንጹሕ ውሃው ታንከርም አልቆ ነበር። ማርዴል በዚያ ሁሉ መሀል መጋረጃዋን እያየች «ይሄ ጨርቅ ይሰበሰባል፤ ታጥቦ አያውቅም» ስትል ሰማኋት።

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ስንመለስ ከሰልፉ አንድም ሰው አልሄደም፤ እንዲያውም ጨምሯል። አርቪድ ረጥቦ ወረደ፤ ቱቦውን ገጠመ፤ እጀታውን ሳበ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ቱቦው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወረደ፤ እንዴት እንደወረደ ለመግለጽ አልሞክርም። ሰዉ አጨበጨበ። የሰው ልጅ ለዚህ ዓይነት ነገር ሲያጨበጭብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አርቪድም ያለወትሮው ኮፍያውን አንስቶ እጅ ነሳ፤ ሱሪው ወረደ፤ ማርዴል «ቀበቶህን» አለችው።

ሰፈር ስንደርስ አርቪድ በመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። መዳቡን ቆጥሮት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ መገጣጠሚያ ተሰንጥቋል። ቬርና ወደ ቤቷ ሄዳ አንድ ጥቅል ሰማያዊና አንድ ጥቅል ቀይ ተጣጣፊ ቱቦ ተሸክማ ተመለሰች። ከፊቱ ጣለችው።

«ማስተማር አይሆንልኝም» አለችው። «እኔ እሠራለሁ፤ አንተ ትይዛለህ።»

«ግሉኮስ» አለ ቀስ ብሎ ቱቦውን እያየ።

«ምን?»

«ምንም። ምን ልያዝልሽ?»

አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ቬርና ቱቦውን ስትቆርጥ ልክ ፀጉር እንደምትቆርጥ ናት፤ ትለካለች፣ ራቅ ብላ ታያለች፣ አንድ ጊዜ ቀጭ ታደርጋለች። መገጣጠሚያውን በመጨመቂያ ብቻ ታጠብቃለች፤ እሳት የለም፣ ጭስ የለም። አርቪድ ይይዛል፣ ያቀብላል። አልፎ አልፎ ይቃስታል። መጸዳጃውም ተቀየረ፤ በእግር ስትረግጠው ብርጭቆ የማትሞላ ውሃ የምትለቅ ቀላል ፕላስቲክ ገባች። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቬርና የእቃ ማጠቢያውን ቆሻሻ ውሃ ማውረጃ ልትመልስ ስትል ግን አርቪድ የያዘላትን የእጅ መብራት አስቀመጠ።

«እዚህ ላይ አልይዝም» አላት።

«ለምን?»

«ውሃ ሽቅብ አይወጣም። ይሄ መሀሉ ጎድጉዷል፤ ቅባት ይይዛል፣ ይሸታል፣ ጎር ጎር ይላል።»

«የኔም ቤት ሲንክ እንዲያ ይላል» አለች ቬርና። «ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁሉንም ሞክሬያለሁ።»

አርቪድ ውሃ ልኩን ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ቬርና ቤት ሄደ። ሥሩ ገብቶ ተጋደመ፤ ማውረጃውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ በሽቦ አሰረው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአየር መውጫውን የደፈነውን የወፍ ጎጆ አወጣ። ከዚያ ወርዶ ሲንኩን ውሃ ሞልቶ ለቀቀው። ያለ አንድ ድምፅ ወረደ። ቬርና እንደገና ሞልታ ለቀቀችው። ሦስተኛም ሞልታ ለቀቀች።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች።

«ውሃ መግፋቱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለ አርቪድ። «ማውረዱን ለኔ ተዪው።»

ማርዴል ፎጣዋን በግልጽ ትከሻዋ ላይ ጥላ በደጃፉ አለፈች። «እናንተ ተመራርቃችሁ ከጨረሳችሁ እቤቴ ልታጠብ ነው» አለች። ገባች፤ ሃያ ደቂቃ ቆየች፤ አርቪድ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከውጭ ቆሞ ግድግዳውን ሲያዳምጥ ነበር። አንድም ጧ የሚል ነገር አልመጣም። ስትወጣ ፀጉሯ የራሳቸውን ሳሙና ይሸታል። አርቪድ ወንበሯን ጥላው ውስጥ አስተካከለላት።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። መሥራት ስል መጨቃጨቅ ማለቴ ነው። የሰፈሩ ሰው ሲቸግረው አንዱን ይጠራል፤ የሚመጡት ግን ሁለት ናቸው። ኬኩን የሚካፈሉት በማርዴል ሚዛን ነው፤ እሷ ለራሷ ሦስተኛ ድርሻ ታነሳለች፣ ማንም አይጠይቃትም። የሰፈሩ ሰዎች በሚያዝያ ወደ ብርድ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ቬርና እየዞረች የሁሉንም ታንከርና ቱቦ ታስፈትሻለች፤ ውሃ የቀረበት ቱቦ ሰሜን ሲደርስ በረዶ ሠርቶ ይፈነዳልና። አርቪድ በመጀመሪያው ዓመት «እኔ ከዱሉት ነኝ፤ ስለ በረዶ ለኔ?» ብሏት ነበር። እሷም የመጨረሻውን መክፈቻ ከፈተችና የረሳውን ግማሽ ባልዲ ውሃ እግሩ ላይ ለቀቀችለት።

ዘንድሮ አርቪድ ሰባ ስድስት ሞላው። ጉልበቱ አልሆነለትም፤ መኪና ሥር መግባት ቀርቷል። ስለዚህ ከውጭ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤ ቬርና ከውስጥ ትገባለች።

ባለፈው ጥር የኔ ፓምፕ ማንም ውሃ ሳይከፍት በየአምስት ደቂቃው እየተነሳ ያጉረመርም ጀመር። ይህ ማለት የሆነ ቦታ ውሃ ይወጣል ማለት ነው። ጠራኋቸው፤ ሦስቱም መጡ።

«ከምድጃው ጀርባ ነው» አለ አርቪድ ከውጭ።

«ከአልጋው ሥር ነው» አለች ቬርና ከውስጥ።

«ምድጃው ነው። እየሰማሁት ነው።»

«የምትሰማው የራስህን ጆሮ ነው። አልጋው ነው።»

አልጋዬ ተነሳ። ምድጃዬ ወጣ። ሁለቱም ሥር አቧራና ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋብኝ መነጽር እንጂ ሌላ የለም። እነሱ ግን ያንኑ ክርክር ቀጠሉ። ማርዴል ትንሽ አዳመጠቻቸውና ወደ መታጠቢያዬ ገባች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች፤ እኔ ጠዋት ታጥቤ በደንብ ሳልዘጋው የወጣሁትን ቧንቧ ጠበቅ አደረገችው። ፓምፑ ዝም አለ። እጇን በቀሚሷ አብሳ ወጣች።

«ሮይ፣ ምሳ ምን አለህ?» አለችኝ።

«ባቄላ በሥጋ።»

«ለአራት ይበቃል?»

ይበቃል አልኳት። ምድጃዬ ግን ደጅ ነበር፤ እዚያው ደጅ ለኩሰን አሞቅነው። ሁለቱ ስለ ምድጃውና ስለ አልጋው እየተከራከሩ ሳህናቸውን ሁለት ጊዜ አስሞሉ።